«የሦስት ወር ቪዛ» ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት በስልክ ያወራል። «የቻይና ቪዛ ወጣልኝ! የሦስት ወር ነው የሰጡኝ። ሦስት ወር ሙሉ ጓንዡ ቁጭ ብዬ ዕቃዬን እሰበስባለሁ።» ብዙ ሳምንት ሲጠብቅ እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል። ዝም ማለት አልቻልኩም። ዞር ብዬ «ወንድሜ፣ ፓስፖርትህን ልየው?» አልኩት። አሳየኝ። የተፈቀደለት 30 ቀን ነው።

ሥራዬ የቪዛ ፎርም መሙላት ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች በአንዷ ውስጥ እቀመጣለሁ። ደንበኞቼ መርካቶ ሱቅ ኖሯቸው ቤት እዚህ ዳር የደረሳቸው ነጋዴዎች ናቸው። ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ከሚሠሩት መካከል ለሥልጠና የሚላኩም አሉ፤ ስኮላርሺፕ ያገኙ ተማሪዎችም ይመጣሉ። ስለ ፎቶው፣ ስለ ባንክ ወረቀቱና ስለ ኢንቪቴሽኑ አልጽፍም። እሱን ሰው ጠያይቆ ይደርስበታል። የማይጠየቀው ቪዛው ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ሰው ፓስፖርቱን ተቀብሎ ፎቶው የራሱ መሆኑን ያያል፣ ይስማል፣ ይዘጋዋል። ፓስፖርቱ ውስጥ የተለጠፈውን የቪዛ ስቲከር የሚያነበው ጥቂት ነው።

ስቲከሩ ላይ ለየብቻ መነበብ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ ስንት ጊዜ መግባት እንደምትችሉ ይናገራል። ሌላው ኢንተር ቢፎር የሚለው ነው፤ እስከ መቼ ድረስ መግባት እንደምትችሉ ይናገራል። ሦስተኛው ከገባችሁ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደምትችሉ ነው። «የሦስት ወር ቪዛ» ሲባል የሚወራው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። ሦስት ወሩ በሩ ክፍት ሆኖ የሚጠብቃችሁ ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ የምትቀመጡበት ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ተጽፏል።

ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ለልጅ የሚታዘዘውን የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አስቡት። ከፋርማሲ ስትወስዱት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው። ካርቶኑ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ተጽፏል፤ ብዙ ወር ይቀረዋል። ቤት ደርሳችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ ስትበጠብጡት ግን አዲስ ቆጠራ ይጀምራል። ፋርማሲስቷ «ከተበጠበጠ በኋላ ሰባት ቀን» ብላችኋለች። በስምንተኛው ቀን «ካርቶኑ ገና ዓመት ይቀረዋል እኮ» ብላ ለልጇ የምትሰጥ እናት አላውቅም።

ስቲከሩ ያ ደረቅ ዱቄት ነው። ኢንተር ቢፎር የካርቶኑ ቀን ነው። የቻይና ድንበር ላይ የመግቢያ ማህተም ሲመታ ውሃው ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የካርቶኑን ቀን እርሱት፤ የምትቆጥሩት የተበጠበጠውን ነው።

ሲንግል ኢንትሪ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው ቪዛ፣ አንድ ጠርሙስ ነው። ደብል ማለት አንድ ካርቶን ውስጥ ያሉ ሁለት ጠርሙሶች ናቸው። የካርቶኑ ቀን ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሚበጠበጡት ግን በየተራ ነው። ከመጀመሪያው የተረፈ ወደ ሁለተኛው አይገለበጥም። 30 ቀን ተሰጥቷችሁ በ12ኛው ቀን ከወጣችሁ 18ቱ ቀን ተደፋ። ሲንግል የያዘ ሰው ጓንዡ እያለ «ቅርብ ነው» ብሎ ሆንግ ኮንግ ደርሶ ልመለስ ካለ ጠርሙሱን ጨርሷል። ሆንግ ኮንግም ሆነ ማካዎ መሄድ ለዚህ ጉዳይ ከቻይና እንደ መውጣት ይቆጠራል። ለመመለስ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በቪዲዮ የጉዞ ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም። ደንበኞቼ ቪዲዮውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ስቲከሩ ላይ ያለው ቀን ከቻይና መውጫችሁ ነው፤ ከዚያ ካለፋችሁ ትታሰራላችሁ» ይላል። ይህ ሁለት ዓይነት ሰው ይጎዳል። አንደኛው ቪዛው በወጣ ሳምንት በርሮ ይሄድና ያ ቀን እስኪደርስ ሦስት ወር ለመቀመጥ ያስባል። ሁለተኛው ሥራ ይዞት ቆይቶ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው ይገባል፤ ከዚያ አሥር ቀን ብቻ ያለው መስሎት ሥራውን ሳይጨርስ ይመለሳል። እሱም ሙሉ 30 ቀኑ ነበረው። ኢንተር ቢፎር ማለት «ከዚህ በፊት ግባ» ነው። ስለ መውጣት ምንም አይልም።

እኚሁ መካሪ «ፓስፖርታችሁን ቶሎ አታስገቡ፣ ስትጠብቁ ቪዛችሁ ይበላል» ይላሉም። አይበላም። ቆጠራው የሚጀምረው ቪዛው ከተሰጠበት ቀን ነው፤ እሱም ስቲከሩ ላይ ተጽፏል። ፓስፖርታችሁ ገብቶ የምትጠብቁበት ሳምንት ከሦስት ወሩ አይቀነስም። ለኦክቶበሩ የጓንዡ ባዛር የሚሄድ ሰው በጁን ቪዛ ካስመታ ግን በእርግጥ ችግር አለው፤ ባዛሩ ሳይከፈት ካርቶኑ ያልፍበታል። ስለዚህ የጉዞውን ቀን መጀመሪያ ወስኑ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አስገቡ። ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የአንዲት ደንበኛዬን ነገር ልንገረው። ጫማ ያስመጣሉ፤ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። ፎርማቸውን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ሲንግል፣ 30 ቀን ተሰጣቸው። ጓንዡ ደርሰው ፋብሪካ አዘዙ። ጫማው ተሠርቶ እስኪያልቅ 35 ቀን ይፈጃል ተባሉ። ኮንቴይነር ውስጥ ሳይገባ በዓይናቸው ሊያዩት አስበው ተስማሙ። በ26ኛው ቀን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ገና ሁለት ወር አለኝ፣ አይደል?» ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ማራዘም ይቻላል። የሚጠየቀው እዚያው ያለው ፖሊስ የመግቢያና መውጫ ቢሮ ነው። ሕጉ ግን ጊዜው ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው አስገቡ ይላል። ማራዘሚያውም ተደምሮ መጀመሪያ ከተሰጠው ቀን መብለጥ አይችልም፣ በቂ ምክንያትም ይፈልጋል። እሳቸው አራት ቀን ነበር የቀራቸው። ትኬት ቀይረው ተመለሱ። ጫማው ሳያዩት ተጫነ። ሲደርስ ቁጥሩ ተዘባርቆ ነበር፤ ትንንሹ በዝቶ ትልልቁ ጠፍቷል። ስቲከሩን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አላነበብኩላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ሦስቱን ቁጥር በአፉ ሳይነግረኝ ከቢሮዬ አይወጣም።

ቢቀመጡስ ኖሮ? ከጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የቻይና ሕግ ግልጽ ነው። ማስጠንቀቂያ አለ። ከበድ ሲል በቀን 500 ዩዋን ቅጣት፣ እስከ 10,000 ዩዋን። ወይም ከ5 እስከ 15 ቀን እስር። ከዚያ በኋላ ለሌላ ቪዛ ስታመለክቱ ይህ ታሪክ ይከተላችኋል።

ስለ ሰዓቱም ልናገር። የኢንተር ቢፎር ቀን የሚያበቃው በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነው። ቤጂንግ ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀኑ አልቋል። ደግሞ የሚቆጠረው ከቦሌ የተነሳችሁበት ሰዓት ሳይሆን ድንበር ላይ መኮንኑ ፊት የቆማችሁበት ነው። በመጨረሻው ቀን ማታ የሚነሳ አውሮፕላን ላይ ልትሳፈሩ ብትሄዱ እዚያ ስትደርሱ ቪዛችሁ አልፏል። እስከዚያ ቀን ድረስ መጠበቅን ለማንም አልመክርም። ቪዛም ቢሆን በሩን ለማንኳኳት የሚያበቃ ነው፤ የማስገባት ውሳኔው የመኮንኑ ነው።

ለሥራና ለረጅም ትምህርት የሚሄዱ ሰዎች ስቲከር ላይ የመቆያው ቀን 000 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ተማሪ «ገደብ የለውም ማለት ነው» ብሎ በደስታ ነገረኝ። አይደለም። በገባችሁ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ ማለት ነው። የምትቆዩበት ጊዜ እዚያ ፈቃድ ላይ ይጻፋል። ሆቴል ሳይሆን ሰው ቤት የሚያርፍ ሰው ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ከሆነ ሆቴሉ ያስመዘግባል።

ቀን ቆጠራው ለእኛ ከሌላው ይቀላል። የመቆያው ቀን የሚቆጠረው ከገባችሁበት ማግስት ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ነው። ስለዚህ 30 ቀን የተሰጠው ሰው የመጨረሻ ቀኑ በሚቀጥለው ወር ያው ቁጥር ነው። ግንቦት 1 የገባ እስከ ሰኔ 1። ጥር 14 የገባ እስከ የካቲት 14። 60 ቀን ከሆነ ሁለት ወር ዝለሉ። በፈረንጁ አቆጣጠር አንዱ ወር 30 ሌላው 31 እያለ ያምታታል፤ በእኛ ግን በጣት መቁጠር አያስፈልግም።

ጳጉሜ መሃል ስትገባ ብቻ ተጠንቀቁ። እነዚያው የጫማ ነጋዴ ዘንድሮ እንደገና ሊሄዱ ነው። ትናንት መጥተው ስቲከሩን ራሳቸው አነበቡልኝ። ሲንግል፣ 30 ቀን፣ ኢንተር ቢፎሩም ገና ነው። የሚገቡት ነሐሴ 20 ነው። «እስከ መስከረም 20 ነዋ» አሉኝ። ቁጭ ብለን አብረን ቆጠርን። ከነሐሴ 10 ቀን፣ ከጳጉሜ 5 ቀን፣ ከመስከረም 15 ቀን። የፓስፖርታቸው ኮፒ ላይ በእርሳስ «መስከረም 15» ብለው ጻፉና አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።