ስትራይድ ምንድን ነው?

አንድ ምስል ከፋይል አንብባችሁ ስክሪን ላይ ስታወጡት ተንጋዶ መጣ እንበል። ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት የበር መቃን ወደ ጎን ተኝቷል። ጠርዞቹ ላይ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ያልነበረ ቀይና አረንጓዴ ይታያል። ኮዱ ግን ስህተት አልሰጠም፤ ክራሽም አላደረገም። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ አትልፉ። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስትራይድ ነው።

ስትራይድ ማለት ከአንድ ረድፍ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ ረድፍ መጀመሪያ ድረስ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ርቀት ነው። ብዙ ጊዜ የሚለካው በባይት ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው። ጣጣው የሚመጣው ይህን ርቀት ከምስሉ ስፋት ጋር አንድ አድርገን ስናየው ነው።

ምስል ስክሪን ላይ አራት ማዕዘን ነው። ሜሞሪ ግን አንድ ረጅም መስመር ነው፤ ረድፎቹ እዚያ ላይ አንዱ ካንዱ ኋላ ይሰለፋሉ። አንድ ፒክሰል ለሦስቱ ቀለሞች 3 ባይት ከያዘ፣ 5 ፒክሰል የሚሰፋ ምስል ለአንድ ረድፍ 15 ባይት ይበቃዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ ከባይት 0 ቢነሳ ሁለተኛው ከባይት 15 ይነሳል ብሎ መገመት ያለ ነው።

ቢኤምፒ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ውስጥ ግን ከዚያ አይነሳም። ቢኤምፒ የእያንዳንዱ ረድፍ ርዝመት በባይት ለ4 እንዲካፈል ግድ ይላል። 15 ለ4 ስለማይካፈል መጨረሻው ላይ አንድ ባይት ይጨመርና 16 ይሆናል። ጭማሪው ፓዲንግ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ቦታ ከመሙላት ሌላ ሥራም የለውም።

አሁን ይህን ፋይል ስትራይዱ 15 ነው ብሎ የሚያነብ ኮድ ምን እንደሚያይ እንከተለው። የመጀመሪያው ረድፍ ልክ ነው። ሁለተኛው ላይ ኮዱ ከባይት 15 ይጀምራል፤ እዚያ ያለው ፓዲንግ ነው። ቢኤምፒ ቀለሞቹን የሚያስቀምጠው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ በሚል ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ኮዱ ፓዲንጉን ሰማያዊ፣ እውነተኛውን ሰማያዊ አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ደግሞ ቀይ ብሎ ይወስዳል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስህተቱ 2 ባይት ይደርሳል፤ ቀለሙ እንደገና ይዞራል። አራተኛው ላይ 3 ባይት፣ ማለትም ልክ አንድ ፒክሰል ይሆናል። እዚህ ቀለሙ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ምስሉ ግን አንድ ፒክሰል ወደ ጎን ሸሽቷል። ከዚያ ዙሩ እንደ አዲስ ይቀጥላል። መቃኑን ያጋደመውም፣ ጠርዙን ያዥጎረጎረውም ይኸው ነው።

ነገሩን ተንኮለኛ የሚያደርገው አንዳንዴ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። ባለ 24 ቢት ቢኤምፒ ላይ፣ ማለትም አንድ ፒክሰል 3 ባይት በሚይዝበት፣ የፓዲንጉ ባይት ብዛት ስፋቱን ለ4 ስታካፍሉ ከሚተርፈው ጋር እኩል ነው። ስፋቱ 5 ከሆነ 1 ባይት፣ 6 ከሆነ 2 ባይት፣ 7 ከሆነ 3 ባይት። 640 ወይም 1920 ከሆነ ደግሞ ምንም የለም። ሰው ኮዱን የሚሞክረው በእነዚህ የለመዳቸው መጠኖች ስለሆነ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ባጉ ብቅ የሚለው አንድ ተጠቃሚ 641 ላይ የተቆረጠ ፎቶ ያስገባ ለታ ነው።

ፓዲንግ ለምን አስፈለገ? ባጭሩ ለፍጥነት ነው። ሃርድዌር ረድፍ ለ4፣ ለ16 ወይም ለ64 በሚካፈል አድራሻ ላይ ሲጀምር ሥራው ይቀለዋል። ብራውዘር የግራፊክስ ካርድን እንዲጠቀም የሚያስችለውን ዌብጂፒዩን ብትወስዱ፣ ምስል ከግራፊክስ ካርዱ ወደ በፈር (ዳታ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) ሲገለበጥ የረድፉ ርዝመት በባይት ለ256 መካፈል አለበት። 100 ፒክሰል በ4 ባይት 400 ነው፤ ተጠጋግቶ 512 ይሆናል። ከአንድ ረድፍ 112 ባይት ባዶ ሄደ ማለት ነው።

በእኔ እምነት ስትራይድን ራሳችሁ ባታሰሉት ይሻላል። ምስሉን የሚያነብላችሁን ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁውን የኮድ ስብስብ፣ ጠይቁት። የማይክሮሶፍቱ ዶትኔት ቢትማፕ ዳታ ስትራይድ የሚል ፕሮፐርቲ አለው። ኦፕንሲቪ በሚባለው የምስል ላይብረሪ ላይ የማትሪክሱ ስቴፕ አለ። አይፎን ላይ ፒክሰል በፈሩ ባይትስ ፐር ሮው ይነግራችኋል። አንድሮይድ ላይ የካሜራ ምስል ብርሃኑና ቀለሞቹ ተለያይተው ፕሌን በሚባሉ ክፍሎች ይመጣል፤ እያንዳንዱ ፕሌን የራሱ ሮው ስትራይድ አለው። አንድሮይድ በዚያ ላይ ፒክሰል ስትራይድ የሚባል ሌላ ቁጥርም ይሰጣችኋል፤ ይህኛው በአንድ ረድፍ ውስጥ ከአንድ ፒክሰል እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። የብርሃን ፕሌኑ ላይ ሁልጊዜ 1 ነው፤ የቀለም ፕሌኖቹ ላይ ግን 2 ሊሆን ይችላል።

እነዚህን ካገኛችሁ የፒክሰል አድራሻ ቀላል ሒሳብ ነው፦

አድራሻ = መነሻ + ረድፍ × ስትራይድ + ዓምድ × የአንድ ፒክሰል ባይት

ስፋት ቀመሩ ውስጥ የለም። ስፋት የሚያገለግለው ረድፉን ማንበብ የት ጋ እንደምታቆሙ ለማወቅ ብቻ ነው።

ይህ መለያየት ችግር ብቻ አይደለም፤ በጣም ቆንጆ ነገርም ያስችላል። 1000 ፒክሰል የሚሰፋ ባለ 3 ባይት ምስል አለ እንበል፤ ስትራይዱ 3000 ነው። ከረድፍ 50 እና ከዓምድ 100 ጀምሮ 200 ፒክሰል የሚሰፋ ቁራጭ ፈለጋችሁ። የፓይተን ላይብረሪው ናምፓይም ሆነ ኦፕንሲቪ አንድም ባይት ኮፒ አያደርጉም። መነሻውን 150300 ባይት ወደፊት ይገፉታል፤ ስፋቱን 200 ያደርጉታል፤ ስትራይዱን 3000 ላይ ይተዉታል። በቃ፣ ተቆረጠ። ናምፓይ ላይ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መገልበጥም እንዲሁ ነው፦ መነሻውን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አድርጎ ስትራይዱን ኔጌቲቭ ማድረግ። ዶትኔት ኔጌቲቭ ስትራይድ ቢሰጣችሁ ግር አይበላችሁ፤ ምስሉ ከታች ወደ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቢኤምፒም በተለምዶ የሚቀመጠው እንደዚያ ነው።

በዚህ መንገድ የተቆረጠ ምስል ግን ሜሞሪው ወጥ አይደለም። እንዳለ ለሌላ ላይብረሪ አንድ ጥቅል አድርጋችሁ ካቀበላችሁት፣ ያ ላይብረሪ ደግሞ ስትራይድ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ያ የተንጋደደ መቃን ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል። ኦፕንሲቪ ላይ ኢዝኮንቲንዩዝ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። መልሱ አይደለም ከሆነ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት።

ስትራይድ ፍጥነት ላይም ይገባል። ፕሮሰሰር ከሜሞሪ የሚያመጣው አንድ ባይት ነጥሎ አይደለም፤ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች በአንዴ 64 ባይት ነው የሚያመጣው። ረድፍ በረድፍ ካነበባችሁ ከ64ቱ አንዱም አይባክንም። ዓምድ በዓምድ ብትሄዱ ግን 1920 ፒክሰል በሚሰፋ ምስል ላይ እያንዳንዷ እርምጃ 5760 ባይት ትዘላለች፤ ለ3 ባይት ብላችሁ በየጊዜው አዲስ 64 ባይት ታስመጣላችሁ። ስለዚህ የረድፉ ሉፕ ከውጭ፣ የዓምዱ ከውስጥ ይሁን።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ አለ። በፈሩ ቁመት × ስትራይድ ያህል ባይት አለው ብላችሁ አትተማመኑ። ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ፓዲንግ ላይኖር ይችላል፤ በተለይ አንድሮይድ ካሜራ ላይ ይህ ያጋጥማል። እያንዳንዱን ረድፍ ስትራይዱን ሙሉ የሚያነብ ኮድ ሁሉንም በሰላም ጨርሶ መጨረሻው ላይ ክራሽ ያደርጋል። ዝለሉ በስትራይድ፣ ንባቡ ግን ስፋቱ በሚፈልገው ባይት ልክ ይሁን።