ዊንዶውስን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚወራውና እውነታው

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቀርፋፋ ላፕቶፕ ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ሆኗል፦ «ሃርድ ዲስኩን አውጣና ኤስኤስዲ አስገባበት።» ምክሩ ልክ ነው፤ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮው ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙ ከነፋይሉ እንዴት ወደ አዲሱ ዲስክ ይሻገራል ሲባል፣ ከባለሙያውም ከደንበኛውም የሚሰማው ወሬ ግማሹ ዳታ የሚያስበላ ነው።

«ኤስኤስዲ ከተቀየረ ፎርማት ግድ ነው»

ግድ አይደለም። አሮጌው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ክሎን ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው። ክሎንዚላ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል። ሳምሰንግ የገዛ ሰው ደግሞ ኩባንያው ራሱ የሚሰጠው የማዛወሪያ ፕሮግራም አለው፤ እሱ ግን ወደ ሳምሰንግ ዲስክ ብቻ ነው የሚገለብጠው። ሌላው የክሎን ፕሮግራም ማክሪየም ሪፍሌክት በነፃ ይገኛል የሚላችሁ ካለ ወሬው ቆይቷል፤ ኩባንያው ነፃውን እትም እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሞታል።

ጥገና ቤቶች ፎርማትን የሚወዱት ስለሚፈጥን ነው። በፍላሽ አዲስ ዊንዶውስ መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ክሎን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ለተማሪ ላፕቶፕ ፎርማቱ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። የጽሕፈት አገልግሎት ያለው ሰው ግን የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ፣ የፕሪንተሩንና የስካነሩን ድራይቨር፣ ሲዲው ከጠፋ ዓመታት ያለፈውን የሂሳብ ፕሮግራም ፒችትሪን ከየት ያመጣል? ከፒችትሪ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ የድርጅቱ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ባለቤቱ ከፍቶ በማያውቀው ፎልደር ነው። «ዴስክቶፑንና ዶክመንቱን ኮፒ አድርጌልሃለሁ» ተብሎ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር የሁለት ዓመት ሂሳብ ይዞ ይሄዳል።

ፎርማት የሚሻልበት ጊዜም አለ። ዊንዶውሱ ቫይረስ ከበላው ወይም በየቀኑ ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይ ከሆነ፣ ክሎን ሲደረግ በሽታውም አብሮ ይሻገራል። ያኔ ፋይሉን አውጥቶ አዲስ መጫን ነው።

«ሲ ድራይቭን ኮፒ ፔስት ባደርገውስ?»

አይነሳም። ዊንዶውስን የሚያስነሳው ክፍል ሲ ውስጥ የለም። በአብዛኞቹ አዳዲስ ኮምፒውተሮች 100 ሜጋባይት አካባቢ በሆነች፣ ፊደል በሌላትና ማይ ኮምፒውተር ላይ በማትታይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ውስጥ ነው ያለው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ እየሠራ እያለ የራሱን ፋይሎች ቆልፎ ስለሚይዝ ኮፒው ሙሉ አይሆንም።

«መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ሁለቱም ዲስክ ይሄዳል»

ወሎ ላይ ይህ ስጋት ቢነሳ አይገርምም። ግን አብሽሩ፣ ክሎን ሲደረግ አሮጌው ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። መብራት ቢጠፋ በግማሽ የቀረው አዲሱ ነው፤ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ፣ የሚባክነው ሰዓታችሁ ብቻ ነው። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ከሆነ ይህም የለም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት መምረጥ ነው።

ስንት ሰዓት ይፈጃል ለሚለው፦ አዲሱን ኤስኤስዲ በአሮጌ ዩኤስቢ 2 ካያያዛችሁት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ30 እስከ 35 ሜጋባይት ገደማ ነው። 200 ጊጋባይት ዳታ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል ማለት ነው። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ከሰካችሁት ግን የሚያዘገየው ራሱ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ይሆናል።

መፈራት ያለባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። አንደኛው የአሮጌው ዲስክ ጤና ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ፋይል ሲከፈት የሚደርቅ ዲስክ ያለ ዕረፍት ሰዓታት ሲነበብ እዚያው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ከክሎኑ በፊት ዋና ዋና ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቀድማል።

ሁለተኛው ምንጩንና መድረሻውን ማምታታት ነው፤ በእኔ እምነት ከመብራቱም ከቫይረሱም የሚብሰው ይኼ ነው። ክሎንዚላ ሲ እና ዲ እያለ አያሳያችሁም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ነው የሚዘረዝረው። አሮጌውም አዲሱም 500 ጊጋ ከሆኑ በመጠን መለየት አይቻልም፤ ዊንዶውስ ላይም ሁለቱም 465 ብለው ነው የሚታዩት። መለያው ከጎኑ የተጻፈው የሞዴል ስም ነው። ስለዚህ ሥራውን ሳትጀምሩ የሁለቱንም ዲስክ ሞዴል ከላያቸው ላይ ካለው ወረቀት ገልብጡ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱ። ክሎንዚላ ከመጀመሩ በፊት እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። ከተገላበጠባችሁ ባዶው ዲስክ ሙሉው ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ማልቀስ ነው።

«የእኔ 1 ቴራ ነው፣ 256 ላይ አይገባም»

የሚታየው የተጠቀማችሁበት ቦታ ነው። ከ1 ቴራው 150 ጊጋ ብቻ ከያዛችሁ ይገባል። ፊልምና ሙዚቃውን ወደ ውጭ ዲስክ ማውጣት ነው የሚቀድመው። ክሎንዚላ እንደ ልማዱ ከምንጩ ያነሰ መድረሻ አይቀበልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዊንዶውስ ላይ ፓርቲሽኑን አሳንሶ ክሎንዚላው የመጠን ፍተሻውን እንዲዘል ማድረግ፣ ወይም ይህን ራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም መጠቀም ያስፈልጋል።

«ኤም ዶት ቱ ከሆነ ፈጣኑ እሱ ነው»

ኤም ዶት ቱ የኤስኤስዲ ቅርጽ ስም ነው። ቅጥነቱ ያው ሆኖ ውስጡ ሳታ (የቆየው የዲስክ ማገናኛ) ሊሆን ይችላል፣ ኤንቪኤምኢም (አዲሱና ፈጣኑ) ሊሆን ይችላል። ሳታው በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ የሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ እስከ 3,500 ይደርሳል። አሮጌ ላፕቶፖች ቦታው ጭራሽ የላቸውም፤ ቦታው ኖሯቸው ሳታ ብቻ የሚቀበሉም፣ ኤንቪኤምኢውን እያዩት ከእሱ መነሳት የማይችሉም አሉ። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ፈልጉና ምን እንደሚቀበል እዩ። ከሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ተራው የሳታ ኤስኤስዲም ልዩነቱን ያሳየዋል። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለማግኘት መርፌውን እያንቀሳቀሰ አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ያንን መጠበቅ የለም።

ዋጋው ከተለመደው በብዙ የወረደ «2 ቴራ» ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። ውስጡ ትንሽ ሆኖ መጠኑን እንዲዋሽ የተደረገ ዲስክ በየአገሩ ይሸጣል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ይህን ከክሎኑ በፊት አድርጉት።

«ላይሰንሱ ይጠፋል»

የዊንዶውስ ዲጂታል ላይሰንስ በዋናነት የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው፤ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም። ክራክ የነበረው ደግሞ ክራክ እንደሆነ ይሻገራል።

በዚሁ ላይ «ኤስኤስዲ ካስገባሁ ዊንዶውስ 11 ይቀበልልኛል» የሚሉ አሉ። አይገናኝም። 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ እና እሱ የሚቀበለው ፕሮሰሰር ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መዝጋቱ እውነት ቢሆንም ኤስኤስዲ ይህን አይፈታም።

«ባለ 11 ላፕቶፕ ያው ነው፣ ዝም ብሎ ይገለበጣል»

አዳዲሶቹ ላይ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው ቢትሎከር ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል። ከሥራው በፊት ከሴቲንግ ገብታችሁ ማጥፋት ወይም ለጊዜው ማቆም ይገባል። አለዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ይቀመጣል፤ አካውንቱን የከፈተላችሁ የሸጠላችሁ ሰው ከሆነ እሱን ፍለጋ ልትሄዱ ነው።

«ኤስኤስዲ ብዙ ሲጻፍበት ያልቃል፣ ዲፍራግ ማድረግም አይረሳ»

ማለቁስ ያልቃል፣ ግን መቼ? የ500 ጊጋው ሳምሰንግ 870 ኢቮ ዋስትና የሚሸፍነው 300 ቴራባይት ጽሕፈት ወይም አምስት ዓመት ነው፣ ቀድሞ የሞላው። በቀን 20 ጊጋ ብትጽፉበት 300 ቴራው ለመሙላት 41 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ዲፍራግ (የተበታተነ ፋይልን አንድ ላይ መሰብሰብ) ለሚሽከረከር ዲስክ የመጣ ነገር ነው፤ ኤስኤስዲ ላይ ጥቅም የለውም። ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን ሲያውቅ በዚያ ፈንታ ትሪም የሚባለውን፣ የተሰረዘው ቦታ ነፃ መሆኑን ለዲስኩ መንገርን፣ ራሱ ያደርጋል።

«ክሎኑ አለቀ፣ አሮጌውን ፎርማት አድርገውና ፊልም እንጫንበት»

አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሮጌውን አውጥታችሁ በአዲሱ ብቻ አስነሱ። ሁለቱም እንደተሰኩ ከሆነ ኮምፒውተሩ ከየትኛው እንደተነሳ ማወቅ ይቸግራል፤ መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሚሆንም ዊንዶውስ አንዱን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። በአዲሱ ከተነሳ በኋላ ፒችትሪውን ክፈቱ፣ ፕሪንተሩ ላይ አንድ ገጽ አትሙ፣ በአማርኛ የተጻፈ አሮጌ ፋይል ከፍታችሁ ፊደሉ በትክክል መውጣቱን እዩ። አሮጌው ዲስክ አንድ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት አማራጭ አለው። በዩኤስቢ ኬዝ የውጭ ዲስክ ይሆናል፤ ያኔ እየሠራ እያለ አታንቀሳቅሱት። ኤስኤስዲ የገባበት ላፕቶፕ በደሴና ኮምቦልቻ መሀል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በርቶ ቢወርድም ግድ የለውም፣ የሚሽከረከረው ዲስክ ግን መርፌው ሳህኑን ሊነካው ይችላል። አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ዲቪዲው ወጥቶ ዲስኩ በቦታው የሚገባበት ኬዝ ይሸጣል። ውፍረቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር፤ ዲቪዲውን አውጥታችሁ ለክታችሁ ሂዱ።