ሪፈር ምንድን ነው?

«የመንግሥት የጥርስ ክፍል አዲስ ሰው አይቀበልም። ሪፈር ጽፈው ያባርሩሃል።» ይቺን ነገር ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ሰማኋት። ሦስተኛው ተናጋሪማ እንግሊዝ አገር ያለ ዘመዱን ምስክር አድርጎ ጠራ፤ «እዚያም እንደዚሁ ነው» አለ።

እንደዚሁ አይደለም፣ ወንድሜ። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት ሒሳብ ጥርስ የሚያክሙት በአብዛኛው የግል ክሊኒኮች ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ በመጣው ውል የዓመቱ ሥራ ተሰፍሮ ይሰጣቸዋል። ኮታው ከሞላ ወይም ክፍያው ካላዋጣቸው «በመንግሥት ሒሳብ አዲስ ታካሚ አንይዝም» ይላሉ። እኔ በምሠራበት የመንግሥት ጥርስ ክፍል እንዲህ ያለ ውል የለም። ካርድ ያወጣ ሁሉ ታካሚ ነው። ያነሰን የጥርስ ማከሚያ ወንበር ነው።

ሪፈር ደግሞ ደብዳቤ ነው። አንድ ባለሙያ ለሌላው ባለሙያ ይጽፈዋል፤ ይህን አየሁ፣ ይህን ሰጠሁ፣ የቀረው በእኔ ቤት አይሠራም ይላል። ማባረሪያ አይደለም። ተራ ማስያዣም አይደለም። «ሪፈር ይዤ መጥቼ እንዴት ቀጠሮ ትሰጠኛለህ?» የሚለኝ ሰው ግን አይጠፋም።

ወፍጮ ቤት አስቡ። የሰፈራችሁ ወፍጮ በቆሎ ይፈጫል፣ ጤፍ ግን አያደቅም እንበል። ባለ ወፍጮው «ከተማ ውሰዱት» ቢላችሁ እህላችሁን ጠልቶ አይደለም። ከተማ ስትደርሱም ማዳበሪያችሁን ከሰው ኋላ ታስቀምጣላችሁ። መብራት ከጠፋ ሁሉም ይቆማል። የእኛም ወንበር እንደዚያው ነው፤ አየር የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ አየር ካልሰጠ መሰርሰሪያው አይዞርም። አንዳንድ ሰው «ሐኪም ይጨመር» ይላል። ጥሩ። ግን ወንበሩ አንድ ከሆነ፣ ባንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ባለ ወፍጮ ማቆም ነው።

ደግሞ ወፍጮ ቤት የአንዱ እህል እንዳለቀ የሌላው ይገባል። እኛ ጋ የተጠቀምንበት መሣሪያ ታጥቦ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ቢያንስ 15 ደቂቃ መቀቀል አለበት፤ ማሞቂያውና ማድረቂያው ሳይቆጠር። ይህን መዝለል የጉበት በሽታውን ሄፓታይተስ ቢን ከሰው ወደ ሰው ማዞር ነው። ስለዚህ በር ላይ «ባዶ ወንበር እያየሁ አስቀመጡኝ» ብላችሁ አትቆጡ።

እርጥብ እህል ላይ ሲደርስ ግን ምሳሌዬ ይበላሻል። ባለ ወፍጮ እርጥብ እህል «አድርቀህ አምጣ» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ሰውም «ፊቴ አብጧል፣ እብጠቱ ሳይወርድ አይነቀልም» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ተሳስቷል። አንቲባዮቲክ ብቻውን የሕመሙን ምንጭ አያወጣም፤ መግሉ መፍሰስ ወይም ጥርሱ መታከም አለበት። እብጠቱ አገጭ ሥር ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ ደግሞ ሪፈርም ወረፋም የለም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ላለው ሰው የሪፈር ወረቀቷ ሌላም ሥራ አላት። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በደረጃው ካልመጣ ወጪው ራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በነገራችን ላይ መድኑ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእኛው የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ያኔም ከሽፋኑ ውጭ ነበር። «መድን አለኝ፣ ጥርስ ትከልልኝ» የሚለኝን ሰው ስመልስ ክፉ ሆኜ አይደለም።

ቅሬታው ውሸት ነው አላልኩም። ከሞጣ ወይም ከደጀን ተነስቶ፣ መንገዱ ተከፈተ አልተከፈተ እያለ ደብረ ማርቆስ ለደረሰ ሰው «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለስ» ማለት ከ«አንቀበልህም» ብዙም አይለይም። ይገባኛል። ግን ጥፋቱን ወረቀቷ ላይ ካሳበብን ወንበሩን የሚጠግን አይመጣም።

ወረቀቷን በሚጽፉት ባልደረቦቼ ላይ ግን እኔም ቅሬታ አለኝ። ሪፈር ሲሰጣችሁ የትኛው ጥርስ እንደሆነና ምን መድኃኒት እንደተሰጣችሁ መጻፉን ጠይቁ። ባለፈው አንዲት እናት ሌሊት ተነስተው፣ ወረቀቷን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ፈትቼ ሳነበው «የጥርስ ሕመም» ይላል። እሱንማ እሳቸውም ያውቁታል።