አቻ ገምጋሚ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አየሁ። «በአቻ ገምጋሚዎች እውቅና የተሰጠው የሕዝብ ጤና ትምህርት» ይላል። በስብሰባ ላይም እንዲሁ ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። አቻ ገምጋሚ፣ ማለትም የሌላን ትምህርት ቤት ፕሮግራም በተጻፈ መስፈርት የሚያይ የዚያው ሙያ ሰው፣ እውቅና አይሰጥም። አይነፍግምም።

የሚሰጠው ሌላ አካል ነው። በእኛ አገር ውሳኔው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካው የሕዝብ ጤና ትምህርት ምክር ቤትም በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚዎችን ወደ ትምህርት ቤቶች ይልካል፤ የሚወስነው ግን ቦርዱ ነው።

ልጅ ከመዳሩ በፊት የወዲያኛውን ቤት አጣርተው እንዲመጡ የሚላኩ ሰዎችን አስቡ። ለዚህ ሥራ ላጤ አይላክም፤ ቤት ማስተዳደር ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ባለትዳር ይመረጣል። «አቻ» የሚለው ቃል የያዘው ይህንን ነው፤ ሥርዓተ ትምህርት የቀረጸ፣ ተማሪ መስክ ያሰማራ ሰው። መልእክተኞቹ ጓዳውን ያያሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ያዩትን ለአባት ይናገራሉ። ልጁን የሚድረው አባት ነው። ከዚያ ቤት ጋር ዝምድና ወይም ጠብ ያለው ሰው ከመልእክቱ ይወጣል። «በእኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው እንዲህ ነው» እያለ በራሱ ምጣድ የሚለካም መልእክቱን አበላሽቷል፤ መለኪያው አስቀድሞ የተጻፈው መስፈርት ብቻ ነው። የእኛ የገምጋሚዎች ሥራ የሚለየው ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ሰነዱን አስቀድሞ ማቅረቡ ላይ ነው። ገምጋሚ የሚሄደው የተጻፈው መሬት ላይ መኖሩን ሊያይ ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «መምህር መምህርን ሲገመግም እከክልኝ ልከክልህ ነው» ሲል ሰማሁት። ስጋቱ እውነት አለው፤ የጥቅም ግጭት ደንብ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ግን መምህሩን አስወጥተን ማንን እናስገባ?

አንድ ጊዜ በአንድ ኮሌጅ የመስክ ልምምድ መዝገብ ስናገላብጥ የስድስት ሳምንት ገጾች ሁሉ ተፈርመውባቸዋል። ፊርማው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አዘነባበል ነው፤ እሑድ እንኳ አልተዘለለም። ወረቀቱም ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ንጹሕ ነው። ፊርማ ብቻ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ «ተሟልቷል» ብሎ ያልፍ ነበር። ተማሪ ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረ ሰው ግን የመስክ መዝገብ አቧራና ላብ እንደሚጠጣ፣ ዝናብ ሲጥል ቀን እንደሚዘለል ያውቃል። ተማሪዎቹን ኃላፊዎቻቸው በሌሉበት አነጋገርናቸው። በመጨረሻ የጻፍነው «አጭበርብረዋል» ብለን አልነበረም። «የቀረበው ማስረጃ የመስክ ክትትል መደረጉን አያሳይም» ብለን ነው። የገምጋሚ ወሰን እዚያ ላይ ያበቃል።

በገምጋሚ ቡድኑ ውስጥ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ቢሮ የሠራ ሰው እንዲኖር አጥብቄ የምከራከረውም ለዚህ ነው። የእኛ ሙያ በአገራችን ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድነት ሠልጥነው ወደ ሕዝቡ እንዲሰማሩ ታስቦ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ክፍል ውስጥ ብቻ ያስተማረ ሰው አይቶ አይጨርሰውም።

የወባ ሥራ ያስተማረኝን ጥንቃቄም ልጨምር። አንድ የደም ናሙና ላይ ተሕዋስ አለመታየቱ ሰውየው ወባ የለበትም አያሰኝም፤ ትኩሳቱ ካልበረደ ምርመራው ይደገማል። የሁለትና የሦስት ቀን ጉብኝትም ያው ነው። ጉድለት አልታየም ማለት ጉድለት የለም ማለት አይደለም። እውቅና በጊዜ የሚገደበው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአሜሪካው ምክር ቤት ለነባር ፕሮግራም እንኳ ቢበዛ ሰባት ዓመት ነው የሚሰጠው።

በዚያ ሰሌዳ ላይ መጻፍ የነበረበት የወሳኙ አካል ስም፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ዓመት ነው። ሦስቱንም ያላገኘ ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቅ።