ዕቃ የማከማቸት ሕመም ምንድን ነው?

ዕቃ የማከማቸት ሕመም ያለበት ሰው ያለውን ነገር፣ ዋጋ ይኑረውም አይኑረውም፣ መጣልም መስጠትም መሸጥም አይችልም። ለመለየት ሲሞክር ይጨነቃል፣ ስለዚህ ይተወዋል፤ ቤቱም ቀስ በቀስ ለኑሮ እስከማይሆን ይሞላል። ችግሩ ረጅም ጊዜ የኦሲዲ፣ ማለትም የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም፣ አንድ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ11ኛው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ስስት፣ ስንፍና ወይም የባለጌ ቤት ብሎ መጥራት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ ሰውየው በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

ብዙ ዕቃ ያለው ሁሉ ግን ታማሚ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜልና አምስት ስድስት ጄሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ቆራሌው እስኪመጣ ድረስ ሃይላንድና ጠርሙስ የምታጠራቅም እናትም እንዲሁ፤ ሲመጣ ትሸጣለች፣ ቦታውም ይለቀቃል። ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ ተነሥቶ የአንድ ግቢ ዕቃ ወደ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ያስገባ ቤተሰብ ለወራት ቢጨናነቅም ይህ የቦታ ጥበት ነው። ሕመም የሚባለው ክፍሉ የተሠራበትን አገልግሎት መስጠት ሲያቅተው ነው። አልጋው ላይ ዕቃ የታጨቀበት ማዳበሪያ ስላለ ሰዎች መሬት ላይ ይተኛሉ፤ ማጀቱ ውስጥ ምጣድ መጣድ አይቻልም፤ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ በጎን መሹለክ ይጠይቃል። ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ቢታይ እንኳ ልጆች ወይም ሠራተኛ በየቀኑ እየተከታተሉ ስለሚያነሡ ብቻ ከሆነ፣ ሕመሙ አለ።

ለምን አይጣልም? የሚሰጡት ምክንያቶች ለማንም ሰው እንግዳ አይደሉም። «አንድ ቀን ይጠቅማል»፣ «የሟች ባለቤቴ ነው»፣ «ውስጡ የምፈልገው ወረቀት አለ»፣ «መጣል ግፍ ነው»። ልዩነቱ እነዚህ ሐሳቦች ለአንዲት ባዶ ፌስታልም የወርቅ ሐብልን ያህል መበርታታቸው ነው። በአእምሮ ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው ዕቃ ሲወስኑ የነገሮችን ክብደት የሚመዝኑት የአንጎል ክፍሎች ከልክ በላይ ይሠራሉ። ውሳኔው ራሱ ያማል ማለት ነው።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ይጀምርና ለአሥርተ ዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ቤተሰብ የሚደነግጠው አባት ወይም እናት ብቻቸውን ከቀሩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚከላከል ሰው ነበራ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ዘመድ አላቸው፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከባድ ድብርት አብሯቸው አለ። በእርጅና ጊዜ በድንገት ከጀመረ ግን የመርሳት በሽታ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይመርመር።

አንድ ማዳበሪያ ቢከፈት የሚገኘው ነገር ብዙ ያስረዳል፤ በፌስታል የተጠቀለለ ፌስታል፣ ክዳን የሌለው የዘይት ጄሪካን፣ የማይሠራ ቻርጀር፣ አንድ እግር ጫማ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ ከደረሰኙ መካከል ደግሞ የቀበሌ ቤት ኪራይ ውል ወይም የባንክ ደብተር። ዋጋ ያለውና የሌለው ተደባልቆ መገኘቱ የዚህ ሕመም መለያ ነው። ማዳበሪያውን እንዳለ አውጥቶ የሚጥል ልጅ ውሉንም አብሮ ይጥላል።

ቤቱ ላይ የሚመጣው ትልቁ አደጋ እሳት ነው። በመሀል ከተማ ያሉት የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በልብስ ክምር ሥር ባለፈ ቀጭን ማራዘሚያ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። በአውስትራሊያ ሜልበርን በአሥር ዓመት የእሳት አደጋዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በዕቃ የታጨቁ ቤቶች ከመኖሪያ ቤት ቃጠሎዎች 0.25 በመቶ ብቻ ሆነው፣ መዳን ይቻል ከነበረው ሞት 24 በመቶውን ወስደዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚቃጠለው ብዙ፣ መውጫው ጠባብ።

የቤተሰቡ ጉዳት ደግሞ ዝምተኛ ነው። ጎረቤት ቡና አይጠራም፤ ለልጅቱ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ወንበር የለም፤ ለቅሶ ሲመጣ ቤቱን ለዕድርተኛ መክፈት ያሳፍራል። ልጆች ጓደኛ ማምጣት ያቆማሉ፣ ካደጉ በኋላም ቂሙ አይጠፋም።

እናት ለጸበል ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ቤቱን ባዶ ማድረግ ብዙ ልጆች የሚሞክሩት ነገር ነው፣ እኛም አጥብቀን እንከለክላለን። ሲመለሱ የሚያገኙት ከስርቆት አይለይም፤ እምነቱ ይጠፋል፣ ክፍሉም ተመልሶ ይሞላል። የመወሰን ችሎታው አልተለማመደማ።

መነሻው ማጽዳት ሳይሆን ደኅንነት ነው። ከአልጋ እስከ በር 90 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መንገድ ይከፈት፤ ከከሰል ምድጃ፣ ከቡታጋዝና ከምጣድ ዙሪያ አንድ ሜትር ነጻ ይሁን፤ ማራዘሚያው ከልብስ ሥር ይውጣ። «እማዬ፣ እሳት ቢነሣ በየት ትወጫለሽ?» የሚለው ጥያቄ «ይሄን ቆሻሻ ጣዪ» ከሚለው ይልቅ ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ካርቶን ብቻ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ዕቃውን የሚያነሡት ታማሚው ራሳቸው ናቸው፤ የሚቀመጥ፣ የሚወጣ፣ ያልተወሰነ ተብሎ ይለያል። ረዳቱ ያለ ፈቃድ አይነካም። የሚወጣው በዚያው ቀን ይውጣ፤ ለልዋጭ፣ ለቆራሌ ወይም ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር። በር ላይ ካደረ ሌሊቱን ይመለሳል። «ያልተወሰነ» የተባለው ክምር ከሌሎቹ ከበለጠ ሰውየው ደክሟል፤ በዚያ ቀን ይቁም።

ሐኪም ጋ ሲኬድ ዋናው ሕክምና በንግግር የሚደረግ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። ለዚህ ሕመም የተዘጋጀው ሥርዓት ወደ 26 ያህል ክፍለ ጊዜ ሲኖረው ከፊሉ ቤት ድረስ በመሄድ ይሰጣል። ለሕመሙ ብቻ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ አብሮ ያለው ድብርት ሲታከም ግን ለሥራው አቅም ይገኛል። አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የጥቁር አንበሳ የሥነ አእምሮ ክፍል ሲኬድ የክፍሎቹን ፎቶ በስልክ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ታማሚው ራሱ «ትንሽ ተዝረክርኳል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ፎቶው ግን በእሱ ፈቃድ ይነሣ። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነም ይቀጥል፣ ሁለቱ አይጣሉም።

ብዙዎቹ ይሻላቸዋል እንጂ ቤታቸው እንደ ጎረቤት ቤት አይሆንም። አልጋው ላይ ከተተኛ፣ ማጀቱ ውስጥ ከተበሰለና መንገዱ ክፍት ሆኖ ከሰነበተ ሕክምናው እየሠራ ነው።