የሦስት እግር አረማመድ ምንድን ነው?

በጅማ ዙሪያ በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና መካከል፣ በግንድ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ጉንዳን ማየት የተለመደ ነው፤ ስድስቱ እግሮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሡና እንደሚያርፉ ግን ከፍጥነቱ የተነሣ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ነፍሳት ፈጠን ብለው ሲራመዱ በአብዛኛው የሚከተሉት ሥርዓት የሦስት እግር አረማመድ ይባላል። የቀኝ የፊትና የኋላ እግሮች ከግራው የመካከል እግር ጋር አንድ ላይ ተነሥተው ወደ ፊት ሲወረወሩ፣ የቀሩት ሦስቱ ረግጠው አካሉን ይሸከማሉ፤ ቀጥሎም ተራው ይለዋወጣል።

የረገጡት ሦስት እግሮች ሦስት ማዕዘን ስለሚሠሩ፣ የጉንዳኑ የክብደት ማዕከል ከዚህ ክልል እስካልወጣ ድረስ በየትኛውም ቅጽበት ቢቆም አይወድቅም። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ ሳይወላገድ የሚቀመጠውም ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ ነው። ዝግ ብለው የሚሄዱ ነፍሳት ግን ከሦስት የሚበልጡ እግሮችን መሬት ላይ ያቆያሉ፤ የእግሮቹም መነሣት ከኋላ ወደ ፊት እንደ ማዕበል ይተላለፋል። ስምንት እግር ያላት ሸረሪት በበኩሏ አራት አራቱን ታፈራርቃለች።

የሦስት እግር አረማመድ ከሁሉ ፈጣኑ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በእኔ እምነት የጉዳዩ አስደናቂ ክፍልም ይኸው ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን ተመራማሪዎች እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በጠፍጣፋ መሬት ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት እግር ብቻ እያሳረፉ መሄድ ይበልጥ እንደሚያፈጥን፣ እግሩ ተጣብቆ ግድግዳ ለሚወጣ ነፍሳት ግን የሦስት እግሩ ስልት እንደሚሻል በኮምፒውተር አሳዩ። ከዚያም የፍራፍሬ ዝንቦችን የእግር ጫፎች ሸፍነው እንዳይጣበቁ ሲያደርጉ፣ ዝንቦቹ በሁለት እግር ወደሚረግጠው ስልት ያደላ አረማመድ ያዙ። እንግዲህ የሦስት እግሩ ስልት በይበልጥ የሚያገለግለው ግንድና ቅጠል ለሚወጡ፣ መንሸራተትና መውደቅ ለሚያሰጋቸው ነፍሳት ነው ማለት ይቻላል።

የእግሮቹን ምት የሚያመነጩት በዋናነት በደረት ውስጥ ያሉ የነርቭ ጉብታዎች ሲሆኑ፣ ከእግሮቹ የሚመጣው ስሜት ደግሞ ጊዜውን ያስተካክላል። ሁለቱን የመካከል እግሮቹን ያጣ በረሮ፣ የሦስት እግሩ ሥርዓት ስለሚፈርስበት፣ ወዲያውኑ እንደ አራት እግር እንስሳ የፊቱን አንድ እግር ከተቃራኒው ጎን የኋላ እግር ጋር እያነሣ መራመድ ይጀምራል።