ደርቢ ካውንቲ 2007–08፦ በ11 ነጥብ የወረደው ቡድን

38 ጨዋታ። 1 ድል፣ 8 አቻ፣ 29 ሽንፈት። 20 ጎል አገባ፣ 89 ገባበት። የግብ ዕዳው 69፣ ነጥቡ 11።

የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ የደርቢ ካውንቲ የ2007–08 የውድድር ዘመን ሰንጠረዡ ላይ ሲታይ ይሄው ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ1992 ከተጀመረ አንስቶ እስከ 2025 ድረስ ከዚህ ያነሰ ነጥብ ይዞ የጨረሰ ቡድን የለም። ከደርቢ በላይ 19ኛ ሆኖ የወረደው በርሚንግሃም ሲቲ እንኳ 35 ነጥብ ነበረው። ማለትም ደርቢ አብሮት ከወረደው ቡድን በ24 ነጥብ ርቆ ነው የጨረሰው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር እመለሳለሁ።)

ለማያውቅ ሰው አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ላይ 20 ክለቦች ይጫወታሉ። ከ18ኛ እስከ 20ኛ የወጡት ሦስቱ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ሦስት ያድጋሉ። ከሚያድጉት ሁለቱ በቀጥታ ነው። ሦስተኛው በዚያን ጊዜ ከ3ኛ እስከ 6ኛ በወጡ ክለቦች መካከል በሚደረግ ጥሎ ማለፍ ይለይ ነበር። የመውረድ ትልቁ ሕመም ገንዘብ ነው፤ የቴሌቪዥን ገቢው በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፣ የተጫዋቾቹ ደሞዝ ግን አብሮ ላይወርድ ይችላል። ለዚህ ማስታገሻ እንዲሆን ለወረዱ ክለቦች ድጎማ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ድጎማው ለሁለት ዓመት ነበር።

ደርቢ ማነው?

ደርቢ በእንግሊዝ መሀል አገር ያለች ከተማ ናት። በባቡር ሥራና በሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር ትታወቃለች። ክለቡ በ1884 ተመሠረተ፤ በ1888 የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር ከ12ቱ መሥራቾች አንዱ ነው። በ1946 የኤፍኤ ካፕን ወሰደ። በ1972 በብራያን ክላፍ፣ በ1975 ደግሞ በዴቭ ማካይ አሰልጣኝነት የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ከየት መጣ የሚባል ክለብ አይደለም። ቅጽል ስሙ "አውራ በጎቹ" ነው። በዚያ ዓመት በየሜዳው እንደ ዓመት በዓል በግ መታረዳቸው ስሙን ትንሽ አሳዛኝ ቢያደርገውም።

ከ1996 እስከ 2002 ፕሪሚየር ሊጉ ላይ ቆይቶ ወረደ። ከዚያ የዕዳና የባለቤት ለውጥ ዓመታት መጡ። በ2005–06 ቻምፒዮንሺፑ ላይ 20ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፤ ትንሽ ቢንሸራተት ሦስተኛ እርከን ይገባ ነበር። በዚያ ክረምት ስኮትላንዳዊው ቢሊ ዴቪስ አሰልጣኝ ሆነ። የተያዘው ዕቅድ በሦስት ዓመት ውስጥ ማደግ ነበር።

በአንድ ዓመት አደጉ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ቀድሞ የመጣ ደስታ

በ2006–07 ደርቢ በ84 ነጥብ 3ኛ ሆነና ጥሎ ማለፍ ገባ። ግማሽ ፍጻሜውን ሳውዛምፕተንን በመለያ ምት ነው ያለፈው። ወሳኟን ምት የሳተው ኢኒጎ ኢዲያኬዝ ነው፤ የደርቢ የቀድሞ ተጫዋች። ሜይ 28 ቀን 2007 ለፍጻሜው አዲሱ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ ከዌስት ብሮም ጋር ተገናኙ። ከእረፍት በኋላ ጋይልስ ባርንስ ከቀኝ ያሻገራትን ኳስ ስቴፈን ፒርሰን ሮጦ ደርሶ አስገባት። 1 ለ 0 አለቀ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ያቺን ጎል የ60 ሚሊዮን ፓውንድ ጎል አሏት፤ ማደጉ ያመጣል የተባለው ገንዘብ ነው።

እንደኔ ግምት ደርቢ የወረደው ያን ቀን ነው። ቡድኑ በድካምና በዲሲፕሊን በጠባብ ውጤት እያሸነፈ የመጣ እንጂ ለላይኛው ሊግ የተሠራ አልነበረም። ይህን ክፍተት ደግሞ አንድ የዝውውር መስኮት አይሞላውም። ከተገዙት ውስጥ ትልቁ አጥቂው ሮበርት ኤርንሾ ነው፤ ከኖርዊች በ3.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፣ የክለቡ ሪከርድ ነበር። ተከላካዩ ክሎድ ዴቪስ ከሼፊልድ ዩናይትድ በ3 ሚሊዮን አካባቢ ተገዛ። ኤርንሾ ዓመቱን ሙሉ በሊጉ አንድ ጎል ብቻ አገባ። ሲወርዱ ደግሞ ሄዶ የተሸጠው ለኖቲንግሃም ፎረስት ነው፤ ለጎረቤቱና ለዋናው ባላንጣ። ለደርቢ ደጋፊ ቁስል ላይ ጨው ማለት ነው።

የመስከረሟ ሌሊት

አጀማመሩ መጥፎ አይመስልም ነበር። ኦገስት 11 በሜዳቸው በፕራይድ ፓርክ ከፖርትስማውዝ 2 ለ 2 ወጡ። ከዚያ በማንችስተር ሲቲ 1 ለ 0፣ በቶተንሃም 4 ለ 0፣ በበርሚንግሃም 2 ለ 1፣ በሊቨርፑል 6 ለ 0 ተሸነፉ።

ሴፕቴምበር 17፣ ሰኞ ማታ፣ ኒውካስል መጣ። ኬኒ ሚለር ከሴልቲክ ተገዝቶ መጥቶ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ከእረፍት በፊት ከሩቅ አክርሮ መታት፣ ገባች። ሌላ ጎል አልነበረም። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ከ30 ሺህ በላይ ሰው የያዘው ስታዲየም ተናጋ፤ ያኔ ሜዳው ላይ ለነበረ ሁሉ ነገሩ መስተካከል የጀመረ ነበር የሚመስለው።

ቀኑ በእኛ መስከረም 6 ቀን 2000 ነው። አዲስ አበባ ሚሊኒየሙን ከተቀበለች ገና አምስት ቀኗ ነበር። ደርቢ ካውንቲ በዚያ የውድድር ዘመን ሁለተኛ የሊግ ጨዋታ አላሸነፈም።

በአምስተኛው ቀን አርሰናል 5 ለ 0 አሸነፋቸው፤ ኢማኑኤል አዴባዮር ብቻውን ሦስት አግብቶ ሀትሪክ ሠራ። ፓዲ ፓወር የተባለው የቤቲንግ ድርጅት "ደርቢ ይወርዳል" ብለው ለተወራረዱ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን የከፈለው ያኔ ነው፤ ገና በሴፕቴምበር። የቤቲንግ ቤት ውድድሩ ሳያልቅ አይከፍልም የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ።

ሁለት አሰልጣኝ፣ 11 ነጥብ

ከቦልተን 1 ለ 1 ከወጡ በኋላ ጎል ጠፋ። በተከታታይ ሰባት የሊግ ጨዋታ አንድም አላገቡም። በዚህ መሃል ዌስትሃም እዚያው ፕራይድ ፓርክ ድረስ መጥቶ 5 ለ 0 ረታቸው። በኦክቶበር የክለቡ ሊቀመንበር ፒተር ጋድስቢ ቦታውን ለአዳም ፒርሰን ለቀቀ። በቼልሲ 2 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ኖቬምበር 26 ቢሊ ዴቪስ በስምምነት ተሰናበተ። 14 ጨዋታ፣ 5 ጎል፣ 6 ነጥብ።

በሁለት ቀኑ ፖል ጁውል መጣ። ዊጋንን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያሳደገና እዚያ ያቆየ ሰው ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመጥን ይመስል ነበር። ቀሪዎቹን 24 ጨዋታዎች መራ። አንድም አላሸነፈም። አምስት አቻ፣ አምስት ነጥብ። ሒሳቡ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ዴቪስ ብቻውን የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ዕድልም ፊቷን አዙራባቸው ነበር። ዲሴምበር 23 ኒውካስል ሜዳ ላይ እስከ 87ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 ይመሩ ነበር፤ ማርክ ቪዱካ አቻ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ከሊቨርፑል ጋር 1 ለ 1 ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ስቲቨን ጄራርድ አስገባባቸው። እነዚህን ሁለቱን ይዘው ቢወጡ ኖሮ ሦስት ነጥብ ይጨምሩ ነበር። ባይተርፉም ስማቸው ግን እንዲህ አይነሳም ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ከ11ዱ ነጥብ 4ቱ የተገኙት ከኒውካስል ብቻ ነው። የኒውካስል ደጋፊ ይህን ሲያስታውሱት አይወድም።

በጃንዋሪ 2008 ክለቡ በአሜሪካውያን ባለሀብቶች እጅ ገባ። ጁውል ገበያ ወጣና ያገኘውን ሰበሰበ፦ ሮቢ ሳቬጅ ከብላክበርን መጥቶ ካፒቴን ሆነ፤ የ36 ዓመቱ ተከላካይ አለን ስተብስ፣ ግብ ጠባቂው ሮይ ካሮል፣ ግብጻዊው ሆሳም ጋሊ በውሰት፣ የቀድሞው የኒውካስል ክንፍ ሎራን ሮበርት፣ አርጀንቲናዊው አጥቂ ኢማኑኤል ቪያ። በመሃል ዓመት ቡድን ማፍረስና መሥራት እንዲህ ነው። ሮበርት ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ካናዳ፣ ወደ ቶሮንቶ ሄደ። ማርች 12 ቼልሲ 6 ለ 1 ሲያሸንፋቸው ፍራንክ ላምፓርድ ብቻውን አራት አገባ።

ማርች 29

የወረዱበት ቀን ተጋጣሚያቸው ፉልሃም ነበር፤ እሱም ያኔ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነው። ቪያ ቀድሞ አገባ። ፉልሃም ሁለት መልሶ መራ። መጨረሻ አካባቢ ያው ቪያ አቻ አደረገ። 2 ለ 2። በዚያው ቀን በርሚንግሃም ማንችስተር ሲቲን 3 ለ 1 አሸነፈ። ደርቢ 11 ነጥብ ይዞ 6 ጨዋታ ቀርቶታል፤ ሁሉንም ቢያሸንፍ 29 ነው፣ አይበቃም። በማርች ወር የወረደ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ሆነ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ስድስቱንም ቀሪ ጨዋታ ተሸነፉ። 4 አገቡ፣ 22 ገባባቸው። አስቶንቪላ በሜዳቸው 6 ለ 0 አሸነፋቸው። አርሰናልም እዚያው 6 ለ 2። አዴባዮር ተቀይሮ ገብቶ ነው ሀትሪክ የሠራው፤ በአንድ የውድድር ዘመን አንድን ቡድን በሜዳውም ከሜዳውም ውጪ በሀትሪክ የቀጣ የመጀመሪያው የሊጉ ተጫዋች ሆነ። በመጨረሻው ቀን ሬዲንግ መጥቶ 4 ለ 0 አሸነፈ፣ አሸንፎም ወረደ። እስከ ማርች 29 ድረስ ደርቢ በጣም ደካማ ቡድን ነበር። መሳለቂያ የሆነው ከወረደ በኋላ ነው። ተስፋ የሌለው ተጫዋች እግሩ እንዴት እንደሚከብድ እነዚያን ስድስት ጨዋታዎች ያየ ሰው ያውቃል።

የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢያቸው ሚለር ነው፣ በ4 ጎል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስታዲየሙ ሙሉ ነበር። ፕራይድ ፓርክ ያኔ የሚይዘው 33 ሺህ ተኩል አካባቢ ሰው ነበር፤ የዓመቱ አማካይ ተመልካች ከ32 ሺህ በላይ ሆኖ አለቀ። በየሁለት ሳምንቱ ሊሸነፍ የሚመጣን ቡድን ትኬት ቆርጦ ማየት ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ እንጃ። እኔ ቡድኔ ሁለቴ ሲሸነፍ ቻናል የምቀይር ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ

መውረዱ ብቻውን ድሉን አልመለሰውም። ቻምፒዮንሺፑን የጀመሩት በሜዳቸው በዶንካስተር 1 ለ 0 ተሸንፈው ነው። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ሼፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸነፉ። ከኒውካስሏ ሌሊት ወዲህ የመጀመሪያው የሊግ ድል ነው፤ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው። ጁውል በዲሴምበር ለቀቀ። የብራያን ክላፍ ልጅ ናይጄል ክላፍ ተተካ።

ፕሪሚየር ሊጉን ግን ናፍቀው ቀሩ። በ2014 የጥሎ ማለፉ ፍጻሜ ላይ በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ፣ በ2019 በአስቶንቪላ ተሸነፉ። በ2021 ክለቡ ከስሮ በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፤ 21 ነጥብ ተቀነሰበትና በዋይኒ ሩኒ አሰልጣኝነት እየታገለ በ2022 ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። የአካባቢው ነጋዴ ዴቪድ ክላውስ ገዝቶ አዳነው። በ2024 ወደ ቻምፒዮንሺፕ ተመለሰ።

ከሪከርዶቹ አንዳንዶቹን ሌሎች ተጋርተዋቸዋል። 20 ጎል ብቻ ማግባቱን ሼፊልድ ዩናይትድ በ2020–21 ደገመው። 89ኙን የገባበትን ጎል ሼፊልድ ዩናይትድ ራሱ በ2023–24 በ104 አስረስቷል። አንድ ድል ብቻ ይዞ መጨረስ ግን በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ከደርቢ በፊት የታየው ሎፍቦሮ በተባለ ክለብ ነው፣ በ1899–1900።

11 ነጥቧ ልትነካ የደረሰችው በ2024–25 ነው። ሳውዛምፕተን ሰባት ጨዋታ ሲቀረው ወረደ፤ ቀድሞ በመውረድ ደርቢን በለጠ። ነጥቡ ላይ ግን ሜይ 10 ቀን ከማንችስተር ሲቲ ጋር በሜዳው 0 ለ 0 ወጣና 12ኛዋን ነጥብ ያዘ። የሳውዛምፕተን ደጋፊዎች ዋንጫ እንደወሰደ ሰው ጨፈሩ።